የቀኝ የኋላ እግር

ቤሌም ላይ ዝናቡ ቀጠሮ አክባሪ ነው፤
ከቀትር በኋላ ጣሪያውን ሲመታው
እኔ መሳቢያውን ቀስ አድርጌ እስባለሁ፣
የናፍታሊን ሽታ እስኪወጣ እቆያለሁ።

በመርፌ የቆመች፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣
ክንፏ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳባት
አንዲት ተርብ አለች። አትናደፍም ዛሬ።
እግሯ ቢመዘን አይሞላም የሰሊጥ ፍሬ።
የቀኝ የኋላውን ቆንጥሬ ነጠልኩት፤
«ይቅርታ» አልኩ፣ ለማን እንደሁ እንጃ፣ በብልቃጥ ከተትኩት።

ከሥሯ ወረቀት፣ እንደ ጥፍር ጠባብ፦
«ታፓዦስ ወንዝ ዳር። ሰብሳቢ ዙልሚራ። ጎጆዋ ጭቃ ነው፤ ይታሰብ።»

ከጎኗ ሌላዋ፤ ያው ቢጫ መቀነት፣
ያው ቀጭን ወገብ፣ ያው የክንፍ ጥቁረት፣
ጎጆዋ ግን ወረቀት፣ ከታኘከ እንጨት።

«እኅትማማች ናቸው» አለ ዴኦክሌሲዮ።
«አይደሉም» አለች እሷ፣ «ጎጆ ይመሰክራል።»
«ጎጆ ልማድ ነው» አላት፣ «ዘር በመልክ ይቆጠራል።»
ስድስት ዓመት ተከራከሩ። እሱ አሸነፈ።
እሷ ወደ ማናውስ ሄደች። አልተጻጻፉም።
በወባ መሞቷን ከጋዜጣ ነው ያነበበው።

ማሽኑ ሀሁ አያውቅም፤ አራት ፊደል ይዞ፣
ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ እያለ፣ ወደ ኋላ ጉዞ።
ሰው ሰባት ቤት ቆጥሮ ከደከመው ወዲያ
እሱ ገና መነሳቱ ነው ለገበያ።
ንብ በማሯ ብትኮራ የተርብ የልጅ ልጅ ናት፤
ጉንዳንም ክንፏን ጥላ መሬት የወረደች ያክስቷ ልጅ ናት።

ማክሰኞ ዛፉ መጣ፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቅርንጫፍ።
ዴኦክሌሲዮ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ
ወልውሎ ጎንበስ አለ። ጣቱ በመስመሩ ሄደ፣
ባለ ጭቃዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።
ባለ ወረቀቷ ማዶ ናት፤ መሐላቸው ሃያ ሦስት ስም።
መቀነቱ ለካ የውሰት ነበር፣
ወፍ የሚፈራው ቀለም፣
ጎረቤት ከጎረቤት የተዋሰው።

ዝናቡ አባራ። ውጭ፣ ከቆመ መኪና ጣሪያ ላይ
ማንጎ ወደቀ።

«ኢራሲ» አለኝ፣ «ስንት ፊደል ነው የለያየን?»
«ከስድስት መቶ ሃምሳ ስምንት፣ ስልሳ አንድ።»
ፈጥኜ መለስኩ፤ ስለ ተርቦቹ መስሎኝ።

እሱ መሳቢያውን ስቦ
ያቺን የጥፍር ታህል ወረቀት ከመርፌው አወጣ፤
«ይታሰብ» ከሚለው ሥር፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ፣
«ታሰበ» ብሎ ጻፈ።
ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት።