ስጠም እንጂ

አባቴ ታኔሊ ግንድ ነጂ ነበረ፣
በፒየሊነን ሐይቅ ላይ ሠላሳ በጋ የኖረ፤
ረጅም ዘንግ ይዞ፣ ጫፉ በብረት የሾለ፣
ጥዱን ከጥዱ ሲያላቅቅ፣ «ተንሳፈፍ፣ ሂድ» እያለ።
የሰጠመ ግንድ ኪሳራ ነው፤
በፋብሪካው መዝገብ ላይ በቀይ ቀለም ነው የሚሰፍረው።
አንድ ሐምሌ ላይ ሰባት ግንድ ውሃ ዋጠበት፤
ሾርባው ሳይነካ አደረ፤ እናቴ እስክትሞት ቀለደችበት።

ዛሬ ዘንጉ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሏል፤
ግንዱም በካሚዮን፣ በአስፋልት ይሄዳል።
አባቴ ወንበሩ ላይ፣ እጁ ጭኑ ላይ፣
ይመሻል ይነጋል መስኮቱን ሲያይ።

የመስታወቱን ገንዳ እኔ ነኝ ያመጣሁለት፣
ከኩዎፒዮ በአውቶቡስ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬለት።
«ለዓሣ ነው» አልኩት።
«ዓሣማ ሐይቁ ሞልቶታል» አለኝ፤
ሌላ ቃል አልጨመረልኝ።
ውሃንስ ድንጋይ ያናግረዋል፤
የእኔን አባት ማን ያናግረዋል?

በመስከረም አንድ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ተመለሰ፣
ብብቱ ሥር ጉቶ ይዞ፣ ቦቲው ውሃ እያፈሰሰ።
የጥድ ሥር ነው፤ ሞገድ የላጠው፣
ስንት ክረምት በረዶ የቀጠቀጠው፤
ቅርፊቱ የለ፣ ሙጫው አልቋል፣
ሲያንኳኩት እንደ አጥንት ይጮኻል።
ሦስት እግር ወደ ታች፣ አንድ ክንድ ወደ ላይ፣
ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣ ተማሪ መሳይ።

በብሩሽ ፈተገው። በሳውናው በርሜል ቀቀለው፤
ውሃው እንደ ሻይ ጠቆረ፤ ደፋው፤ ደግሞ ቀቀለው።
አፈር አነጠፈ፣ አሸዋ ደረበ፣
ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ፣ እንደ ዳገት ደልድሎ፣
ውሃውን በሰሐን ላይ አፈሰሰ፣ እንዳይደፈርስ ብሎ።
ጉቶውን አስገባው።
ጉቶው ተንሳፈፈ።
ገፋው፤ ተመለሰ።
ድንጋይ ጫነበት፤ ድንጋዩን ጥሎ ተነሣ፣
አባቴን ፊቱ ድረስ በውሃ አራሰውሳ!
«ስጠም እንጂ!» አለው።
በሰባ ሁለት ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
እንጨት እንዲህ ሲታዘዝ ሰማሁ በዚያ ትእዛዜ
በማያውቅ አንደበቱ።

ተክሎቹ በፖስታ መጡ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልለው፤
አኑቢያስ የሚሉት አለ፣ ቅጠሉ እንደ ቆዳ ወፍራም ነው።
ግንዱን አፈር ካለበሱት ይበሰብሳል አሉ፤
እንጨት ላይ በክር ቢያስሩት ቀስ ብሎ ይይዛል አሉ።
አባቴ የእናቴን የስፌት ሣጥን ከፈተ፤
አረንጓዴ ክር መረጠ። ቆየ። ክሩን ጎተተ።
በወፍራም ጣቱ፣ በዚያው በግንድ ማሰሪያ ቋጠሮ፣
ቅጠሉን ከጉቶው አሰረ፣ ምላሱን በከንፈሩ ቀርቅሮ፤
በክንዱም ላይ ደቃቅ አረንጓዴ ሽበት አለበሰው፣
የራሱን ነጭ ሽበት ውሃ እያንጠባጠበው።

እኔ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እሑድ ስልክ መጣ።
«ነጭ ዝልግልግ ነገር ጉቶው ላይ አወጣ።»
«ተወው» አልኩት፣ «ቀንድ አውጣ ይበላዋል።»
«ቀንድ አውጣ አልገዛሁም» አለ፤ «ግን አንዱ እዚህ ይሄዳል።
በቅጠል ተሸሽጎ፣ ትኬት ሳይቆርጥ መጥቶ ነው።»
ይህ ለአባቴ የአንድ ዓመት ወሬ ነው።

በጥር፣ ሐይቁ ክንድ ሙሉ በረዶ ለብሶ፣
ሌሊት ደወለ።
«ሰጠመ» አለኝ።
በሐይቅ ዳር አገር ይህ ቃል እንዲህ በደረቁ አይነገርም፤
የጎረቤት ልጆች፣ የስስ በረዶ ስንጥቅ፣ ምን ያልመጣብኝ የለም።
«ማን?» አልኩ።
«ጉቶው» አለ። «ድንጋዩን አነሣሁለት። ቆሟል።»

ስልኩንም አልዘጋም።
ስለ ሰባቱ ግንዶች ነገረኝ፣ ስለ ወደቁበት ጥልቅ፣
ዘንጉን ሰድዶ ሰድዶ ታቹን ስላጣበት ሐይቅ።
«እዚያ ታች» አለ፣ «ዓሣ ቤት ሠርቶባቸው ይሆናል።»
ከዚያ ዝም አልን፤ በስልኩ ውስጥ
የማጣሪያው ውሃ ይንፎለፎላል።
«ዓሣውስ መቼ ነው?» አልኩት።
«ይቆይ» አለ፤ «ውሃው ይልመድ።»