አባሪ ሦስት

አምስት አምስት አድርጌ በስም ፊደል ከፈልኳቸው፤
በፍቅር አይደለም፣ በዝርዝር ነው ያጋባኋቸው።
አዳማ፣ ግንቦት ወር፤ ነፋሱ አቧራ እያፈሰ፣
የሰሌዳውን ጽሕፈት ሳልጨርስ እያበሰ፣
"የዲዛይን ፕሮጀክት" አልኩ፣ "መልሱ ያልታወቀ ትምህርት፤
ከመጽሐፉ ጀርባ አትድከሙ፣ እዚያ የለም ውጤት።"

ለአራተኛው ቡድን የደረሰው ዕጣ፦
ከኮረብታው ግርጌ፣ ጎርፍ ገምሶት የወጣ፣
ከገበያው ጀርባ ያለው ደረቅ ቦይ።
"ሰው የሚሻገርበት ድልድይ ንደፉለት፣ እንይ።"

ሐይረዲን ቀመሩን፣ ለሊሴ ልኬቱን፣
ማርሸት በኮምፒውተር ሥዕሉን፣ መልኩን፣
ስንታየሁ ደግሞ (በየቡድኑ አንድ አይጠፋም)
የሽፋኑን ገጽ ያዘ፤ ከዚያ ወዲያ አልለፋም።
አምስተኛው ዋቅቶላ፣ ከስሙ ትይዩ
ቀይ ኤክሶች ናቸው ተሰልፈው የሚታዩ።

ሰኞ የለም። ረቡዕ መጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፤
"ይቅርታ መምህር" አለ፣ ተቀመጠ፣ በቃ።
እኔ ደሞ ቀሪ ላይ ምሕረት አላውቅም፤
የተቦካ ሲሚንቶ፣ እላለሁ፣ ሰው አይጠብቅም።

ጠብም ነበር። ጠብ የሌለው ቡድን እስከ ዛሬ አላየሁም፤
አንዱ ሠርቶ አራቱ ሲተኙ ግን ሰላም አልለውም።
ሐይረዲን "ምሰሶ መሐል ይቁም" ሲል፣
ለሊሴ "ጎርፉ ግንድ ያመጣል፣ ይነቅለዋል" ስትል፣
ማርሸት ሦስት ጊዜ ሥላ ሦስት ጊዜ አጥፍታ፣
ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጋ ወጣች አንድ ማታ።

"ማን ምን ያህል ሠራ?" የሚል ቅጽ በተንኩላቸው፤
"እኩል" ብለው ሞሉ፣ አንድ ዓይነት ነው ጽሕፈታቸው።
የዋቅቶላ ሳጥን ባዶ ነው።
ዜሮም አልጻፉበት።

ሐምሌ ላይ ወረድን ወደ ቦዩ። ሰማይ ጥርት ብሎ፣
ያ ኮረብታ ብቻ አንድ ደመና አዝሎ።
ለሊሴ ሜትሯን ዘርግታ ከዳር ዳር ስትለካ፣
የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ሲያየን ቆይቷል ለካ፤
"ልጆች ውጡ" አለን፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣
"እዚህ ባይዘንብም እዚያ ዘንቧል" — እግራችን ገና ሲያፈገፍግ
መጣ። ቡናማ ግድግዳ። ጎማ፣ ጀሪካን፣ ቆርቆሮ፣
የሰው በር ከነመቀርቀሪያው፣ አንድ በግ በገመድ ታስሮ።

ከማዶ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ፣
ዋቅቶላ ቆሟል፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ።
እጁን አነሳ። እጃችንን አነሳን።
የተናገርነውን ውሃው በላው፤ ምን እንዳልንም ረሳን።

ግንቡ ላይ ዘበኛው በምስማር የጫረው መስመር ነበር፤
"ያቻምና" አለን። ሐይረዲን ሥዕሉን ገልጦ ሲያነጻጽር
የኛ ድልድይ ከመስመሩ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ተገኘ።
ስንታየሁ እንኳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መጻፊያ ወረቀት ተመኘ።

በማግስቱ ለሊሴ ቢሮዬ መጣች፤
"ስም መጥሪያውን ያውሱኝ" አለች።
የኮረብታውን ጣቢያ የዝናብ መዝገብ ከጎኑ ዘርግታ፣
ቀን ከቀን በጣቷ፣ ጥያቄዬን ሁሉ ትታ፦
ሰኞ፣ ኤክስ፤ ሠላሳ አንድ ሚሊ ሜትር።
ማክሰኞ፣ ኤክስ፤ ሃያ ስምንት። (ከተማው ደርቆ ነበር።)
ከአሥር ቀይ ምልክት ዘጠኙ የጎርፍ ቀን።
አንዷ ብቻ ቀረች፤ ያን ቀን ዝናብ አልነበረም፤
ዋቅቶላን ስንጠይቀው "ተኝቼ ነው" አለ፣ አልዋሸም።

ምሰሶው ከመሐል ወጣ፤ ወለሉ ከፍ አለ።
ማርሸት እንደገና ሣለች፤ ዋቅቶላም፣ ከመጣ፣ አብሯት ዋለ።
ጥራዙን ሲያመጡልኝ ከኋላ ጀመርኩት።
አባሪ አንድ፦ የአፈር ምርመራ። አባሪ ሁለት፦ የዝናብ ልኬት።
አባሪ ሦስት፦ ያ ስም መጥሪያዬ፣ ከነቀይ ኤክሱ፣ ከነስሕተት፤
ርእሱ "ቦዩ የተዘጋባቸው ቀናት"፣
የመረጃ ምንጭ፦ ዋቅቶላ፣ ከማዶ ያለ ቤት።

ድልድዩ ወረቀት ነው። ማዘጋጃ ቤት አንድ ቅጂ ተቀብሏል፤
ማኅተሙ ደብዛዛ ነው፣ ግን ይነበባል።
ዘንድሮ ስም ስጠራ፣ ከኋላ ወንበር "የለም" ሲሉኝ
ቀዩን እስክሪብቶ አነሳለሁ፤
ከዚያ በመስኮት ወደ ኮረብታው አያለሁ።