ጅቡን

ደሴ፣ ፍርድ ቤቱ በር፣ ዣንጥላ ዘርግቶ
የስንቱን እንባ በሁለት ገጽ ከትቶ፣
«ልጄ፣ በአንዲት ‹ተ› ከሳሽ ተከሳሽ ይሆናል»
ይል የነበረው ጋሽ አራጋው
ዛሬ ስም ብቻ ቀረው።

«መስኮት... ውሃ... ቶሳ...»
ማሰሪያ አንቀጹ ጠፍቶ
ቃሉ እንዳልታሰረ ነዶ ይበተናል።
ከግራ ጆሮው በላይ ደም ረግቷል አሉን፣
የባቄላ ፍሬ የማያህል።

ነርሷ ጦይባ «አብሽሩ» ብላ
ወንበር ስባ ተጠጋችው፤
«ጋሼ፣ ጅቡ አህያ በላ።»
ራሱን ነቀነቀ።
ይህማ ምን ሰዋስው ይፈልጋል?
ቃሉን ቢዘሩትም ጅብ ያው በላተኛ፣
አህያም ያው እራት፤
የቦሩ ሜዳ ሌሊት ፈትቶ ያስረዳል።

«እሺ፤ ጅቡን አህያ በላው።»

ጅቡ... ን።
ልቡ እዚያች ላይ ተሰናከለ፣
ተመለሰ፣ እንደገና ከጅቡ ጀመረ፤
ከነገሩ ሁሉ የቀለለች ፊደል
የለመደውን ዓለም ገልብጣ ስትጥል
በደህናው ከንፈሩ በኩል
ሳቁ መጣ፣ ትከሻው እስኪናጥ፤

ጣቱን አነሣ፣ እንደ ችሎት፦
«ጅብ... ከሳሽ!»

ማሰሪያው ገና የለም።
ጦይባ ካርዱ ላይ ጻፈችው፣ እንዳለ።