ጥያቄ አስራ ሰባት

ከሰቃ ወዲያ ነው፣ ባጃጅ የማይደፍረው፣
ጭቃው ጫማ አስወልቆ በእጅ የሚያስይዘው።
አርባ ቅጽ ይዣለሁ በላስቲክ ጠቅልዬ፣
የሕፃን ሚዛኑን በጀርባዬ አዝዬ።
ባዶ ሚዛን ማዘል የሚከብድ አይመስልም፤
ዳገቱን ሲወጡት እንደዚያ አይደለም።

ነሲባ አባ ፎጊ። ዕድሜ፦ ሠላሳ ሦስት።
የወለደችው ስድስት፣ በሕይወት ያሉት አምስት።
ጣሪያ፦ ቆርቆሮ። ውሃ፦ ከምንጭ፣ በጄሪካን።
ጤና ጣቢያ፦ በቃሬዛ ግማሽ ቀን።

እስከ አስራ ስድስት ድረስ እጇ ሥራ አልፈታ፣
በቆሎ እየፈለፈለች ስትመልስ በርጋታ።
ከዚያ አስራ ሰባት፦ «ሲወለድ አልቅሷል?»
ኦሮምኛው አጭር ነው፤ «ቦኤራ?» ይበቃል።
ሦስት ባዶ ሳጥን ከታች ተደርድሯል፦
አላለቀሰም፣ አላውቅም፣ አልቅሷል።

ፍልፈላዋን ተወች።
አንዲት ፍሬ ከጉልበቷ ወርዳ እስከ ምድጃው ሄደች።

«አፉን ከፈተልኝ፤ ድምፅ ግን አልነበረም።
ጣቴን ጨበጥ አርጎ፣ ወዲያው አለቀቀም።
ሙት ነው አሉኝ ሴቶቹ፤
ሙት እንዴት ይጨብጣል? ሞቃት ነበሩ እጆቹ።
ጠቅልለው ወሰዱት፣ ከጓሮ፣ ከኮባው፣
ስም ሳይወጣለት፣ ጡቴንም ሳይቀምሰው።
አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ ቅጹን እዪው፤
ድምፅ ለሌለው ልቅሶ ሳጥኑ የትኛው ነው?»

በሥልጠናው ሰሞን፣ ከጅማ ሆስፒታል፣
የጎማ ሕፃን ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል፤
ሲስተር አስካለች አፍና አፍንጫውን በጭንብል ሸፍና፣
ፊኛዋን ጨመቅ፣ ለቀቅ፤ ጨመቅ፣ ለቀቅ፤ «እንደገና!
ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም፤ አየር ነው ያጠረው፤
የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት ሰው የምታደርገው።»
ደረቱ ከፍ ሲል እኛ አጨበጨብን፣
ለጎማ ሕፃን። ከዚያ ሻይ ጠጣን፣ አበል ፈረምን።

ይኼን አውቃለሁ።
ነሲባ አታውቅም።
ቅጹ ላይ ደግሞ፣ በደማቅ ቀለም፦
«ጠያቂ አስተያየት አይሰጥም።»

ብነግራት ልጇን ነው ሁለቴ የምገድለው፤
ዝም ብል፣ የጎረቤቷ ሆድ ገፍቷል፤ ያንንስ ለማን ልተወው?

ከነጩ ህዳግ ላይ፣ በተጣመመ ጽሕፈት፣
«አፉን ከፍቶ ነበር፤ ጣቷን ይዞ ነበር» ብዬ ጻፍኩላት።
ስወጣ፣ ከደጁ፣ ፊቴን ወደ ጭቃው አዙሬ፣
«ጎረቤትሽ ቀድማ ትውረድ፤ ማቆያ ቤት አለ» አልኩ፣ ሕግ ሰብሬ።
የልጇን ነገር ግን አልነገርኳትም።
እስከ ዛሬም።

ዋናው ቢሮ፣ ሳምንት ሆኖት። መብራት ሄዶ መጥቷል፤
ፈድሉ ቅጹን ይዞ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል።
«ህዳግ አይገባም» አለኝ፣ ድምፁ ሳይከፋ፤
«ዘጠና ዘጠኝ እላለሁ፤ ኮድ ነው፣ መልስ ለጠፋ።»
«መልስ አልጠፋም ፈድሉ። ሳጥን ነው የጠፋው»
አልኩት። ጣቱ ቆመ። የቆመው ግን ለትንሽ ነው።
በመስኮቱ አዌቱ ደፍርሶ ይወርዳል፤
የማን ደጅ አፈር እንደያዘ ማን ይጠይቀዋል?

በጥቅምት ተመለስኩ፣ የጎረቤቷን ልጅ ልመዝን፤
ሦስት ኪሎ ከመቶ፤ ጩኸቷ እስከ ምንጩ ይሰማ ነበር፣ አላህ ይመስገን።
ነሲባ ከናሙናው ወጥታለች፤ ስሟን የሚጠይቅ የለም፤
እግሬ ግን በሯን አላለፈም።

ሚዛኑን አየችው። ከጀርባዬ ፈታችው፤
ከማገሩ ላይ ራሷ ሰቀለችው።
በጨርቅ ማቀፊያው ውስጥ በቆሎ ጨመረች፣
ቆም ብላ በክንዷ ከፍ አድርጋ መዘነች፣
አንድ ራስ ቀነሰች፤ ሌላ መልሳ ጨመረች፤
ይኼን ሁሉ ስታደርግ ዓይኗን ጨፍና ነበረች።

«ይኼን ያህል ነበር።»

መርፌው ተንቀጥቅጦ ቆመ፤
ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ።
ለዚህ ቅጽ የለኝም።
በመዳፌ ጻፍኩት።