ማንገቻው

ስሙን ቦራ ይሉታል፤
ከካርሶ ተራራ ተወርውሮ ሲወርድ ቆርቆሮ ይገነጥላል።
ትሪየስቴ ያደገ ሰው ድምፁን ከሩቅ ለይቶ
ቤቱ ይቀመጣል፣ መስኮቱን ዘግቶ።
እኔ ግን ድንች አልቆብኝ
(ሁለት ክረምት ከርሜም ነፋስ መናቅ አልለቀቀኝ)
ወጣሁ።

ሦስት ኪሎ ድንች፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት፣
ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣
ትከሻዬ ላይ አንግቼ ደረጃውን ስጀምር
ትርርር አለ።
ድምፁ ትንሽ ነበር።
የቆየ ጨርቅ ሲቀደድ አይጮህም፣ ያጉረመርማል፤
«እኔ እስከዚህ ነኝ» ያለ ይመስላል።

ድንቹ ቁልቁል ሮጠ፤
ዘይቱ ግን፣ ተመስገን፣ አንዱ ደረጃ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።
ሁለት ተማሪዎች እየሳቁ ሰባቱን ለቀሙልኝ፤
አንዱን ውሻ ወሰደው፤ ባለቤቱ ይቅርታ እንኳ አላለኝ።

አዲስ ቦርሳ ሁለት ዩሮ ነው። አሰብኩበት፣
ከዚያ ተውኩት።

ሦስተኛ ፎቅ ሊቪዮ አለ፤
ወደብ ላይ የጀልባ ሸራ ሲሰፋ ያረጀ፣
ዓይኑ ፈዞ፣ ጣቱ ብቻ ያላረጀ።
መርፌ ልዋስ ብዬ አንኳኳሁ።
ቦርሳውን በመዳፉ ዳበሰና «ይሄ አይሞትም» አለኝ፤
ወፍራም መርፌ፣ ነጭ ክር፣ ጥፍር የምታህል ሰም ሰጠኝ።
«ክሩን በሰሙ እሸው። ዝናብ አይገባውም፣
ከጨርቁም አይጣላም።»

ሰም!
በኔ ቋንቋ ሰም ካለ ወርቅም አለ፣
ከሥር የተቀበረ፣ ፈልጉኝ እያለ።
እኔ ግን ዛሬ ማታ ወርቁን አልፈለግሁም፤
ሰሙ ክሬን ይያዝልኝ፣ ከዚያ በላይ አልጠይቅም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይላሉ።
አንበሳ የለኝም። ድንቾቼ ይበቃሉ።

የክሩን ጫፍ በምራቄ አሾልኩ፣
ሦስቴ የመርፌውን ዓይን ሳትኩ፣
በአራተኛው ገባ።
የተበጣጠሰውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፍኩት፣
እንደ ገመና ሸሸግሁት፤
አሮጌውን ስፌት በምላጭ ልተረትር
ስል፣ ከማንገቻው ሥር
ሌላ ክር አገኘሁ። አረንጓዴ።

ማሽን ያልሰፋው፣ የሰው እጅ የሄደበት፤
ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ግራ ያዘመመ፣ እንደ ግራኝ ጽሕፈት።
ቦርሳው እኮ የኔ አይደለም! ቤቱን ስከራየው
ከማድቤት በር ጀርባ ተንጠልጥሎ ነው ያገኘሁት፤ ማንም አልጠየቀው።
እኔም ማን እዚህ ይኖር እንደነበር
አከራዩን አልጠየቅሁም፤ ፖስታ ሳጥኑ ላይ የተፋቀ ስም ብቻ ነበር፣
መጨረሻው «ቪች» የሚል።

ምላጩን አስቀመጥኩ።
ይሄ ሰው አንድ ምሽት፣ ምናልባት እዚሁ አምፖል ሥር፣
ምን ቢሸከም ነው የተቀደደበት? ከሰል? መጽሐፍ? የሆስፒታል ቅያሪ?
ክሩ አልነገረኝም።
ግን ልብ ብዬ ሳይ፣ ዛሬም የተቀደደው ጨርቁ ነው፣
አረንጓዴው አልተበጠሰም።

ስለዚህ አልፈታሁትም።
ነጩን ከጎኑ አስኬድኩት፣ ሳልነካው፣ ሳልረግጠው፤
አራት ማዕዘን ሠራሁ፣ መሃሉን ከጥግ እስከ ጥግ አጣመርኩት።
የኔ ስፌት አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፣
ከመሸታ ቤት የወጣ ሰው አካሄድ ይመስላል።
ሁለቴ ጣቴን ወጋሁ፤ አንዲት የደም ጠብታ
ጨርቁ ላይ ቀረች፤ በጨው ውሃ ባጥባት
ገረጣች እንጂ አልለቀቀችም ቦታ።
ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። ሦስት ቋጠሮ፤
አንዱ ለስፌቱ፣ ሁለቱ ለፍርሃቴ።

ሊቪዮ በሁለት እጁ ጎተተው፣ በጆሮው አዳመጠው፤
«አስቀያሚ ነው» አለኝ፣ «ግን ይይዛል።»

ረቡዕ ጠዋት ነፋሱ ደክሞት ተኝቷል።
ቦርሳዬን አንግቼ ደረጃውን ስወርድ፣
ከታች፣ የፍሳሹ ብረት ጥግ፣
አንድ ድንች አገኘሁ፣ ያደረ፣ የረጠበ።
በካፖርቴ እጅጌ ጠረግሁትና ከተትኩት።
ብቻውን ነበር፤
ማንገቻው አልተሰማውም።