አሥራ ሦስተኛዋ ቅጂ

አሥራ ሦስት ቅጂ በአይሱዙ መጣ፣
ከካርቶን ቱቦ ውስጥ ተራ በተራ ወጣ፤
ያው ቢጫ አዝመራ፣ ያው ሐምራዊ ዛፍ፣
ያው ቀይ መንገድ በማሳው መሐል ተጠማዞ ሲያልፍ።
የብሩሹ ሰንበር ለዓይን ጎልቶ ይታያል፣
ጣት ሲያርፍበት ግን እንደ መስተዋት ያሟልጫል።

ለአቶ አጥናፍሰገድ፣ ለጠባሴው ሆቴል፣
አሥራ ሁለት ክፈፍ ከጽድ ቆርጬ ሳስተካክል፣
የተረፈችውን፣
ማዕዘኗ በጉዞ የተቀደደችውን፣
በመስኮቴ ሰቀልኳት፣ በፀሐይ መውጫ በኩል።

ባንድ በጋ ቀዩ መንገድ ጠፋ፣
ዛፉም ሐምራዊውን ቀስ እያለ ተፋ፤
ቢጫው ግን ተሟገተ፤
ክረምቱን ደመና ተገን አድርጎ ቆየ፣
ኋላ እሱም ሄደ፣ ሲሄድ ማንም አላየ።

ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡት፣
ሱፍ ሲነክሩ የኖሩት ጋሽ ወንድይፍራው
ቆመው አዩዋት።
«ሰማያዊ ነው» አሉ፣ «ባለቤቱን እማይከዳው።»
የጥፍራቸው ሥር ዛሬም ሰማያዊ ነው።

ያ የባዕድ አዝመራ አሁን የኅዳር ማለዳ ነው፤
ከበሬሳ ማዶ፣ ውርጭ የመታው
የባቄላ ማሳ፣
ጎህ ሲቀድ ዝም ያለ፣ ቅጠል የማያነሣ።

አሥራ ሁለቱ እህቶቿ፣ ከየአልጋው በላይ፣
መጋረጃ ጋርዷቸው እንደመጡ ናቸው፤
የክፍል ሦስቷን ከክፍል ስምንቷ ማን ይለያቸው?

ትናንት አቶ አጥናፍሰገድ ሱቄ ገብተው አዘኑልኝ፣
«ይቺስ አብቅቶላታል፣ ሌላ ላስመጣልህ» አሉኝ።
ምስማሩን ካፌ አወጣሁና፣
«ይተዉአት» አልኳቸው፣ «አልጨረሰችም ገና።»