ዘረፋ

ሃምሳ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ፤
ሃምሳ ሁለት ጣና፣ ሃምሳ ሁለት ሰማይ።
ሁሉም “በተፈጥሮ ውበት የታደለ” ብሎ ይጀምራል፣
ሁሉም “በአጠቃላይ” ብሎ ይጨርሳል።
ፊደል አልተገደፈም፣ ነጥብ አልተዘለለም፤
አሥረኛ “ሀ” ክፍል እንዲህ ጽፎ አያውቅም።

ገጽ እየገለጥሁ እንቦጩን ፈለግሁት፣
የአምባዛውን ሽታ፣ የጀልባውን ጩኸት፤
አንዳቸውም የሉ።
ከውሃው መቶ እርምጃ ተቀምጠው ሳሉ
ያላዩትን ጣና ጽፈዋል በሙሉ።

ሃምሳ ሦስተኛዋ ቢተውሽ የዘጌዋ፣
“ሀይቅ” ያለች፣ ሐመሩን ትታ በሃሌታዋ፤
ሠርዛ፣ ደልዛ፣ እንዲህ ትላለች፦
“አባቴ ታንኳውን እንቦጭ ያዘበት።
በገጀራ እየቆረጠ ሦስት ሰዓት ቀዘፈ።
እንጨቱ ራሰ። ገዢ አጣ።
ማታ አልተናገረም።”

ከአሥር ስድስት።
ለሌሎቹ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ተኩል።
ያረመውስ ማን ይሆን? አልጠየቅሁም።

ሰኞ ተሰበሰብን። መብራት ጠፍቷል፤ ሙቀት።
መምህር አትርሳው ጠረጴዛውን መቱት፦
“ስልክ በር ላይ ይለቀም! የተገኘም ይባረር!”
ፊዚክሷ ውዴ ሳቀች፦ “ማታስ? ቤታቸው ማን ሊያድር?
እኔም ፈተናውን በእሱ ነው የማወጣው፤
ደብቄ ነው እንጂ፤ ማነው የማይነካው?”
ከኋላ አንድ ድምፅ፦ “ዝም ነው፣ ይወጣለታል።”
ወደ እኔ ዞሩ። የርዕሰ መምህርት ቃል ይጠበቃል።

ከበደችኝ ቦርሳዬ፤
ዓርብ ለመምሪያው የላክሁት ሪፖርት ቅጂው አለ፣ ገበናዬ፦
ስምንት ገጽ ሙሉ፣ በአራት ደቂቃ፣
ማሽኑ ጽፎ ጨርሷል ሻዬ ሳያበቃ፤
ከሥሩ ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ፣
አንዴ እንኳ ሳላነብ፣ በጣም ተደስቼ።

ጋሽ ሞኝሆዴ ገቡ፣ የበሩ ዘበኛ፣
ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም ሊሉ ለእኛ።
ዋሸራ ከርመዋል በልጅነታቸው፤
ከደጃፉ ሲሰሙ ቆይተው ነው መሰል፣ እንዲህ አሉ ቆመው፦
“ቅኔ ዝረፍ ይሉን ነበር የኔታ፤
መዝረፍና መዝረፍ ግን ለየቅል ነው።
የሰው ቅኔ ይዞ የመጣውን አያባርሩትም።
ቁጭ ያደርጉትና ‘በል ምሥጢሩን ፍታው’ ይሉታል።
የሰረቀ ምላሱ ይታሰራል፤
የደከመበት ግን፣ ተንተባትቦም ቢሆን፣ ይፈታል።”
ብለው ወጡ።

ሪፖርቱን አወጣሁ።
በመስኮቱ ብርሃን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አነበብሁላቸው፤
“የቤተ ሙከራችን አገልግሎት በእጅጉ ተሻሽሏል” ስላቸው
አትርሳው ሳሉ።
ቤተ ሙከራ የለንም።
አራት የተሰነጠቁ ብልቃጦችና አንድ የተቆለፈ ቁም ሣጥን አሉ።

ሕጉን የጻፍነው ከዚያ ነው፤ በእጅ፣ አንድ ገጽ፣ ስርዝ ድልዙ የበዛ፦
ማሽኑን ጠይቁት፣ ሞግቱት፤ የጠየቃችሁትም ከመልሱ ጋር ይምጣ።
ያልገባንን አናስረክብ፣ ያላነበብነውን አንፈርም፤
ይህም ከአለቃ ይጀምር።
የመጨረሻዋን መስመር የጨመርሁት እኔ ነኝ፤
እጄ ተንቀጥቅጧል፤ ደስም አላለኝ።

ሐሙስ ክፍሉን ይዘን ወረድን ወደ ዳር፤
በየእጃቸው ያ ሰማይ፣ ያ የታደለ ነገር፣
ያላዩትን እየሠረዙ። አንዳንዱ ገጽ ባዶ ቀረ።
አንዱ ልጅ “ውበቱስ?” አለ፤
“እሱ ይቆይ” ስል ፔሊካን በረረ።
ቢተውሽ ተጠጋችኝ፦ “የሐይቅን ‘ሐ’ ልጠይቀው?”
“ጠይቂው። ግን ጋሽ ሞኝሆዴም በር ላይ ናቸው።”

አባቷ በዚያው ውሃ፣ በዚያው እጁ
እንቦጩን ይነቅላል፣ ደንገሉን ያጭዳል፤
አንዱ ታንኳ ያስራል፣ አንዱ ታንኳ ይሆናል።
“ይሄኛው የትኛው ነው?” ብለው ሲጠይቁኝ
አላውቅም አልኋቸው።

ማታ ሪፖርቱን ደግሜ ጻፍሁት፤ አንድ ገጽ ተኩል።
“ቤተ ሙከራ የለንም” ይላል የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር።
ከመምሪያው መልስ አልመጣም።